የሽንት ሕመም በቻይና ባህላዊ ሕክምና ዐይን

ሽንቷ የሚያቃጥላት ሴት ቤጂንግ ወይም ቼንግዱ ውስጥ ወደ አንድ የባህላዊ ሕክምና ሐኪም ብትሄድ የምትጠየቀው ነገር ብዙ ነው። የሽንቷን ቀለምና መጠን፣ ቀን ይበዛባት እንደሆነ ወይስ ሌሊት፣ ማቃጠሉ መቼ እንደጀመረ ትጠየቃለች። ይህን የትኛውም ሐኪም ይጠይቃል። የቻይናው ሐኪም ግን በዚህ አያበቃም። አፏ ውስጥ ቁስል ወጥቶባት እንደሆነ፣ እንቅልፏ እንዴት እንደሆነ፣ ሰሞኑን ያናደዳት ነገር መኖር አለመኖሩን፣ እግሯን ይበርዳት እንደሆነ፣ ሲጠማት የሚያምራት ቀዝቃዛ ውኃ ይሁን ሙቅ ይጠይቃታል። ምላሷን አውጥታ እንድታሳየው ይነግራትና በተለይ ሥሩን አተኩሮ ያየዋል፤ የኩላሊትና የፊኛ ሁኔታ የሚታየው በምላስ ሥር ነው ብሎ ያምናልና። ከዚያም ሦስት ጣቶቹን በእጇ አንጓ ላይ አሳርፎ የደም ትርታዋን ያዳምጣል።

ይህ አጠያየቅ የቆየ ሥርዓት አለው። ዣንግ ጂንግዩዌ የተባለው የሚንግ ዘመን ሐኪም (1563–1640) ታማሚ የሚጠየቃቸውን ዐሥር ጥያቄዎች በቃል እንዲያዙ በግጥም አሰናድቷቸው ነበር፤ አራተኛው ስለ ሰገራና ሽንት የሚጠይቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከጥያቄዎቹ ጀርባ ያለውን አስተሳሰብ ሳያውቁ ይህን ሕክምና በጅምላ ማድነቅም በጅምላ መናቅም ቀላል ነው። ሁለቱም ታማሚውን አይረዱትም። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪሞቹ ራሳቸው እንደሚያስቡት እናስብ፤ መመዘኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በዚህ ሕክምና ዘንድ የሽንት ታሪክ የሚጀምረው ከፊኛ ብዙ ርቆ ነው። መሠረቱን የጣለው ከ2000 ዓመት በፊት ገደማ በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን የተጠናቀረው ሁዋንግዲ ኔይጂንግ፣ ማለትም የቢጫው ንጉሠ ነገሥት የውስጥ መጽሐፍ ነው። በዚህ ትምህርት መሠረት ጨጓራ የተቀበለውን ጣፊያ ያጣራና ጠቃሚውን ፈሳሽ ወደ ላይ ወደ ሳንባ ያነሣዋል። ሳንባ ከፊሉን ለቆዳ ያካፍላል፤ የቀረውን ወደ ታች ይለቀዋል። ኩላሊት በራሱ ሙቀት ንጹሑን ከድፍርሱ ይለያል፤ ንጹሑ ተመልሶ ይወጣል፣ ድፍርሱ ወደ ፊኛ ይወርዳል። ፊኛ የወረደውን ይይዛል። በሩን ከፍቶ ለመልቀቅም ሆነ ዘግቶ ለመያዝ ግን ራሱን አይችልም፤ ከኩላሊት የሚመጣው ቺ የተባለው የሕይወት ኃይል ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። በዚህ ሕክምና ኩላሊት ሲባል በቀዶ ሕክምና የሚታየው አካል ብቻ ማለት አይደለም። እድገት፣ መውለድ፣ አጥንት፣ መስማትና እርጅና ሁሉ በእርሱ ሥር ናቸው። ሐኪሙ "ኩላሊትህ ደክሟል" ሲል በላቦራቶሪ የሚለካ የኩላሊት መድከም አግኝቻለሁ ማለቱ አይደለም። ይህን ያልተረዳ ታማሚ በከንቱ ሊደነግጥ፣ ወይም የእውነት የኩላሊት ሕመም እያለበት በከንቱ ሊጽናና ይችላል።

መንገዱ እንዲህ ረጅም ከሆነ ጉድለቱ ከየትኛውም ቦታ ሊነሣ ይችላል፤ ታች ለሚታየው ምልክት ምክንያቱ ላይ ሊሆን ይችላል። የአፍ ቁስል ጥያቄም የመጣው ከዚህ ነው። ልብና ትንሹ አንጀት ጥንድ ናቸው ተብሎ ይታመናል። ሰው ሲጨነቅና ሲብሰለሰል ልብ ውስጥ እሳት ይነሣል፤ እሳቱ ወደ ላይ ሲወጣ አፍና ምላስን ያቆስላል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ ደግሞ ሽንትን ያቀላዋል፣ ያቃጥለዋል። ቺያን ዪ የተባለው ታዋቂ የሕፃናት ሐኪም ለዚህ ያዘጋጀው የአራት ዕፅ ቅመም በ1119 በወጣው መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል፤ ዛሬም ይታዘዛል። የንዴቱ ጥያቄም የራሱ መነሻ አለው። የጉበት መስመር በብልት ዙሪያ ያልፋል፤ ጉበት ደግሞ በንዴትና በታመቀ ስሜት ይታወካል፤ ስለዚህ የተናደደ ሰው እምብርቱ ሥር ተወጥሮ ሽንቱ እንቢ ሊለው ይችላል ይላሉ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማመዛዘን ነው። ጥቂትና ደማቅ ሽንት ሙቀትን ያመለክታል፤ ብዙና እንደ ውኃ የጠራ ሽንት ብርድን። ድንገት የመጣ፣ የሚያቃጥልና የሚያጣድፍ ሕመም ከውጭ የገባ ወይም ከመጠን ያለፈ ነገር አለ ያሰኛል፤ የቆየ፣ የሚያንጠባጥብና ሲደክሙ የሚብስ ሕመም የአቅም ማነስን ያሳያል። እኛም ሽንት ሲመላለስብን "ብርድ መትቶኝ ነው" ማለት እናውቃለንና ይህ ክፍል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ቻይናውያኑ ይህን የሕዝብ ልማድ ወስደው ለብዙ መቶ ዓመታት በጽሑፍ ሲከራከሩበት፣ ሲያርሙትና ሲከፋፍሉት መኖራቸው ነው።

ከክፍሎቹ ሁሉ ብዙ የተጻፈበት ሊን የሚባለው ነው፤ ሽንት እየቆራረጠ፣ እያጣደፈና እያመመ መምጣቱ። በ200 ገደማ የጻፈው ዣንግ ዦንግጂንግ እንደ ማሽላ ዘር ያለ ነገር የሚወጣበትን፣ ከእምብርት በታች የሚወጥረውንና ሕመሙ ወደ እምብርት የሚስበውን ሊን ገልጿል። የኩላሊት ጠጠር ያመመው ሰው ይህን ሲያነብ ራሱን ያገኛል። ቻው ዩዋንፋንግ በ610 በሱዪ ሥርወ መንግሥት ቤተ መንግሥት ሆኖ የበሽታዎችን ምክንያት ሲያጠናቅር ሊን የሚመጣው ኩላሊት ሲደክምና ፊኛ ሲሞቅ ነው ብሎ በአጭሩ ደመደመ። ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት የሚታወቁት ዓይነቶች ስድስት ናቸው፤ የሙቀት፣ የጠጠር፣ የቺ፣ የደም፣ የድፍርስና የድካም ሊን።

የሙቀት ሊን በጣም የተለመደው ነው። ቅባትና ጣፋጭ ያበዛ፣ አልኮልና ቅመም የደጋገመ ሰው ሆዱ ውስጥ እርጥበትና ሙቀት ይጠራቀማል፤ እርጥበት ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፊኛ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። የአካባቢ ንጽሕና መጓደልም ከምክንያቶቹ መካከል ይጠቀሳል። ዘመናዊው ሕክምና ይህንኑ ሕመም ሲመረምር ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከአንጀት የመጣ ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ነው። የሴት የሽንት ቱቦ ርዝመት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ባክቴሪያው ፊኛ ለመድረስ አይቸገርም። እርጥብ ሙቀት ባክቴሪያ ነው ማለት ግን አይቻልም። ሐኪሙ እርጥብ ሙቀት አለባቸው ያላቸው ሁሉ ባክቴሪያ ይገኝባቸዋል ማለት አይደለም፤ ባክቴሪያ ያለባቸውም ሁሉ፣ በተለይ አረጋውያን፣ ሽንታቸው ያቃጥላቸዋል ማለት አይደለም። አንዱ ስም የተሰጠው ለስሜቱ፣ ሌላው ለተገኘው ተሐዋሲ ነው።

የድካም ሊን የሚባለው ለእኔ የዚህ ትምህርት ጥሩ ጎን የሚታይበት ነው። ሕመሙ ይሻላል፣ ሰውየው ሲለፋ ወይም ሲከሳ ይመለሳል፣ ወራት ያልፋሉ። የቻይና ሐኪሞች እዚህ ላይ የሚያቃጥለውን ብቻ ማባረር እንደማይበቃ፣ በሁለት ሕመም መካከል ባለው ደህና ጊዜ ሰውየውን ማጠንከር እንደሚገባ አጥብቀው ያስተምራሉ። በስድስት ወር ሁለት ጊዜ ወይም በዓመት ሦስት ጊዜ የሚመላለስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለባት ሴት አንድ ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ ተደጋግሞ ከመታዘዙ በቀር ሌላ ጥያቄ ሳትጠየቅ ስትመለስ ላየ ሰው፣ ይህ ትኩረት ዋጋ አለው።

የደም ሊን ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ትምህርቱ ሽንት ውስጥ የሚታይን ደም ለሁለት ይከፍላል፤ ከሕመም ጋር ከመጣ ሊን ነው፣ ያለ ሕመም ከመጣ ራሱን የቻለ የሽንት ደም ነው። ክፍፍሉ ሹል ነው። ዛሬም ሐኪሞች ደሙ ከማቃጠል ጋር ወይስ ያለ ሕመም እንደመጣ ይጠይቃሉ። የሚያስፈራው ቀጥሎ ያለው ነው። ሕመም የሌለውን ደም ባህላዊው ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚተረጉመው በኩላሊት የዪን፣ ማለትም የሚያቀዘቅዘው ኃይል፣ ጉድለት ወይም ደምን መያዝ ባቃተው ጣፊያ ነው። በተለይ ዕድሜው በገፋ ወይም በሚያጨስ ሰው ላይ ግን ሕመም የሌለው የሽንት ደም የፊኛ ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ቀለሙ ለሳምንታት ጠፍቶ ሊመለስም ይችላል። በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ሸለቆ የሽንት ደም የሚያመጣ የቢልሃርዚያ ዓይነት አለ። ቻይና ውስጥ ያለው ቢልሃርዚያ አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃው ሌላው ዝርያ ስለሆነ የድሮዎቹ መጻሕፍት ይህን ሕመም አያውቁትም። አዋሽ ውስጥ ሲዋኝ አድጎ ደም ለሚሸና ልጅ ፍቱኑ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው፤ ከቻይናውያኑ ቅመሞች አንዱም አይተካውም።

የድፍርስ ሊንም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ሽንቱ የሩዝ እጣቢ ይመስላል። ጥንታውያኑ እርጥብ ሙቀት ወይም ቅባቱን መያዝ ያልቻለ ኩላሊት ነው አሉ። ቀለሙን በትክክል አይተውታል፤ ከብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሕመሞች ጀርባ የነበረው ግን በቢምቢ የሚተላለፈውና የሊምፍ ቧንቧዎችን የሚዘጋው የፋይላሪያ ትል ነበር። ቻይና ይህን በሽታ ያሸነፈችው ትሉን በደም ምርመራ ፈልጋ በመድኃኒት በማጥፋት ሲሆን፣ በ2007 የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንዳበቃ በዓለም ጤና ድርጅት የተመሰከረላት የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች።

ሽንት ጨርሶ እንቢ ሲል ሕመሙ ሎንግቢ ይባላል። ስለዚህ የተጻፈውን ሳነብ የማደንቀው የሐኪሞቹን ድፍረት ነው። ሱን ሲሚያው በ652 ገደማ ባጠናቀቀው መጽሐፉ፣ ፊኛው ለተወጠረ ሰው የሽንኩርት ቅጠል ጫፉን ቆርጦ ባዶውን ቱቦ በብልት ቀዳዳ ቀስ ብሎ ማስገባትና በስሱ መንፋት እንደሚቻል መዝግቧል። ፊኛን ለማስተንፈስ ቱቦ ስለማስገባት ከተጻፉት ቀደምት መረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ከ600 ዓመት በላይ ቆይቶ የኖረው ዡ ዳንሺ (1281–1358) ደግሞ ከላይ ነው የጀመረው፤ ሽንቱ የተዘጋበትን ሰው አስታወከው። ተከታዮቹ ምክንያቱን በሻይ ማንቆርቆሪያ ያስረዱታል፤ ክዳኑ ግጥም ካለ ከአፉ ውኃ አይወርድም፣ ክዳኑ ላላ ሲል ይንቆረቆራል። ክዳኑ ሳንባ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ዛሬም ሳል ያለበትንና ሽንቱ የቀነሰበትን ሰው ሳንባን የሚከፍቱ ዕፀዋት ይሰጡታል። ምስሉ ያማረ ነው። ይሁንና ሽንት የተዘጋበት አረጋዊ ፕሮስቴቱ አብጦ ቱቦውን ጨብጦበት ከሆነ ሳንባ የሚከፈትለት ጊዜ የለም፤ በሰዓታት ውስጥ ካቴተር፣ ማለትም ሽንት ማስወጫ ቱቦ፣ ያስፈልገዋል። የሱን ሲሚያው የሽንኩርት ቅጠል ከማንቆርቆሪያው ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነበር።

በተቃራኒው ሽንት ሲበዛ፣ በተለይ ሌሊት ሲያመላልስ፣ ወገብ ሲደክምና እግር ሲበርድ የኩላሊት ያንግ፣ ማለትም ሙቀቱ፣ ደክሟል ይባላል። ዣንግ ዦንግጂንግ ለዚህ የሰጠው ስምንት ነገሮች የገቡበት የኩላሊት ክኒን ነው፤ ቀረፋ አለበት፣ በጥንቃቄ ካልተዘጋጀ የሚመርዝ አኮናይት የተባለ ሥርም አለበት። የሚገርመው ይኸው ክኒን ሽንት ለሚያጥረውም ሽንት ለሚበዛበትም መታዘዙ ነው። በራሳቸው አመክንዮ ስናየው ተቃርኖ የለውም፤ በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም የኩላሊት ኃይል ከሆነ፣ የደከመ ኃይል በሁለቱም መንገድ ያጠፋል። በክኒኑ ከታከሙት መካከል የጠጡትን ያህል የሚሸኑ ሰዎች ነበሩ። ዋንግ ታው በ752 ባጠናቀረው መጽሐፍ ውስጥ የእነዚህ ሰዎች ሽንት ጣፋጭ መሆኑ ተጽፏል። የስኳር በሽታን ለይተው ማየታቸው ነው፤ እጅግ የሚያስከብር ትዝብት። ስኳሩ ከየት እንደመጣ ግን የተነገረው ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ስለ ቆሽትና ስለ ኢንሱሊን ከታወቀ በኋላ ነው።

እስካሁን ካነሣሁት አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። እነዚህ ሐኪሞች ምልክትን በማየትና በመለየት በኩል የተካኑ ነበሩ፤ ምክንያቱን ሲናገሩ ግን ማየት የማይችሉትን በምስል ሞልተውታል። ማይክሮስኮፕ ለሌለው ሰው ይህ ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ማይክሮስኮፕ ባለበት ዘመን ምስሉን የምርመራ ምትክ ማድረግ ነው። ቻይና ውስጥ ያሉት ትልልቅ የባህላዊ ሕክምና ሆስፒታሎች ራሳቸው የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ ያዛሉ። ምርመራውን የሚዘለው ከአገሩ ውጭ በጥቅልል ታሽጎ የሚሸጠው ዕፅ ነው።

ሕክምናው ይሠራል ወይ ለሚለው፣ መልሱ ቀጭን መርፌ በመውጋት ለሚሰጠው ሕክምናና ለዕፁ ይለያያል። በ2017 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ሽንት የሚያመልጣቸውን 504 ሴቶች በቻይና 12 ሆስፒታሎች ተከታትሏል። ገሚሶቹ ለስድስት ሳምንት 18 ጊዜ በዳሌ አጥንታቸው ላይ ቀላል የኤሌክትሪክ ኃይል ያለው መርፌ ተደረገላቸው፤ ገሚሶቹ ቆዳ የማይወጋ የማስመሰያ መርፌ። በአንድ ሰዓት መለኪያ የሚያመልጠው ሽንት በመጀመሪያዎቹ በአማካይ 9.9 ግራም ሲቀንስ፣ በሁለተኛዎቹ የቀነሰው 2.6 ግራም ነበር። ይህን ለማስረዳት ቺን መጥራት ግድ አይደለም። ከተወጉት ቦታዎች አንዱ ፊኛን የሚያዝዘው ነርቭ ከዳሌ አጥንት በሚወጣበት ሦስተኛ ቀዳዳ ላይ ነው፤ ዘመናዊ የሽንት ሐኪሞችም ለሚያጣድፍ ፊኛ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚተክሉት እዚያው ነው። ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጥ በኩል ያለው ሳንዪንጂያው የተባለ ጥንታዊ ነጥብም የምዕራብ ሐኪሞች ለተመሳሳይ ሕመም ነርቭ ከሚያነቃቁበት ቦታ ጎን ይገኛል። ጥንታውያኑ ነርቩን ሳያዩ ቦታውን በልምድ አግኝተውታል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ስለ ዕፁ እንዲህ ማለት አልችልም። በ2015 የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎች በሴቶች ላይ ለሚመላለስ የሽንት ኢንፌክሽን የቻይና ዕፀዋትን የፈተኑ 7 ጥናቶችን፣ በድምሩ 542 ሴቶችን የያዙትን፣ መርምረው ተስፋ የሚሰጥ ነገር ቢያዩም ጥናቶቹ ደካማ ስለሆኑ መደምደሚያ ሊሰጡ አልቻሉም። ከዚህ የሚከብደው ጉዳቱ ነው። ለሚያቃጥል ሽንት በሚታዘዙ ታዋቂ ቅመሞች ውስጥ ሙቶንግ የሚባል የሐረግ ግንድ ይገባል። በጥንት ዘመን የተለመደው ተክል ጉዳት አልነበረውም፤ ከጊዜ በኋላ ግን ከሰሜን ምሥራቅ ቻይና የመጣ፣ በስም የሚመስለው ጉዋን ሙቶንግ ተተካበት። ይህኛው አሪስቶሎኪክ አሲድ አለበት፤ ኩላሊትን ያደርቃል፣ በሽንት ቧንቧም ካንሰር ያመጣል። ዓለም የነቃው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ለመክሳት ክኒን የወሰዱ ሴቶች ኩላሊት ሲደክም ነው፤ እዚያም አንዱ ዕፅ በስሙ ተመሳሳይ በሆነ ሌላ ተተክቶ ነበር። የተጎዱት ከ100 በላይ ናቸው። በ2000 በወጣው ጥናት ኩላሊታቸው ከወጣላቸው 39 ታማሚዎች 18ቱ ካንሰር ተገኘባቸው። ቻይና ጉዋን ሙቶንግን ያገደችው በ2003 ነው። ሽንት እንዲያድን የተሰጠ ዕፅ የሽንት መንገድን ማጥፋቱ ሊረሳ የሚገባው ነገር አይደለም፤ በተለይ ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም የሚለው እምነት በብዙዎቻችን ዘንድ ጽኑ ስለሆነ።

ስለዚህ ለመርፌው ወደ ሠለጠነ ባለሙያ መሄድ የፈለገን ሰው አልከለክልም፤ ሽንት ማምለጥ ላስቸገራት እናት እንዲያውም ተገቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሽንትዎ ውስጥ ደም ካዩ፣ ቢያምም ባያምም፣ ከማቃጠሉ ጋር ትኩሳትና የጎን ሕመም ከመጣ፣ ሽንት ጨርሶ እንቢ ካለ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ሆነው ካቃጠለዎት መጀመሪያ የሽንት ምርመራ ወደሚደረግበት ጤና ተቋም ይሂዱ። የሚወስዱት ዕፅ ካለም፣ የቻይናም ይሁን የአገር ቤት፣ ጥቅልሉን ይዘው ሄደው ለሐኪሙ ያሳዩት።